40 ሜትር ተብላ የተገዛች ገመድ፣ ከስምንት ወር በኋላ

መስከረም ላይ የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ቢጫ ናት፤ ባለ 10 ሚሊሜትር የናይለን ገመድ፣ ስታቲክ የሚሏት፣ ሲንጠለጠሉባት ብዙም የማትለጠጥ። ወረቀቷ ላይ 40 ሜትር ይላል።

ከደሴ ወጣ ብሎ እኔና ጓደኛዬ የምንወርድበት ጠባብ ገደል አለ። የት እንደሆነ አልናገርም። ሁለት እጅ ሲዘረጋ ግራና ቀኙን ድንጋይ ይነካል። ፀሐይ የሚገባው ለቀትር ብቻ ነው፤ ውሃው አጥንት ይሰብራል። ትልቁ ፏፏቴ፣ ከላይ ገመዷን ከምናሳልፍበት ቀለበት እስከ ኩሬው፣ 19 ሜትር ተኩል ነው።

አወራረዱ እንዲህ ነው። ገመዷ በቀለበቱ ውስጥ ታልፋና ለሁለት ታጥፋ ትወርዳለች። ሁላችንም ከወረድን በኋላ አንዱን ጫፍ ስበን ይዘናት እንሄዳለን። ስለዚህ 40 ሜትር ማለት 20 ሜትር ነው። ጥቅምት ላይ ጫፎቿ ኩሬው ውስጥ አንድ ክንድ ያህል ይነከሩ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ስወርድ ጫፎቿ ከውሃው በላይ ተንጠልጥለዋል። ፏፏቴው አንገቴ ላይ እየወረደ፣ ጣቶቼ ደንዝዘው፣ ወደ ታች አየሁ። ኩሬው ደረት እንደሚደርስ ስለማውቅ ለቀቅኩና ቧ! ጓደኛዬን ‹‹አሳጥረህ ነው ያሰርከው›› ብዬ ጮህኩበት። እሱ ደግሞ ‹‹አብሽር፣ በጋ ነው፣ ኩሬው ጎድሎ ነው›› አለኝ።

ቤት ገብቼ በሜትር ለካኋት። 38 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር!

ለካ ናይለን ገመድ መጀመሪያ ውሃ ሲጠጣና ሲደርቅ ያጥራል። ከመጠቀም በፊት ዘፍዝፎ፣ አድርቆ፣ እንደገና መለካት ነበር። ሻጩ ይህን ትንፍሽ አላለም። ጓደኛዬን ማኪያቶ ጋብዤ ይቅርታ ጠየቅኩ።

ሌላው ነገር ማድረቅ ነው። በደሴ ጉም ሦስት ቀን ይፈጃል። አከራዬ እትዬ፣ አላህ ይስጣቸው፣ በኦሞና በረኪና ሊያጥቡልኝ ተነስተው ነበር። በረኪና ናይለን ይበላል። በንጹሕ ውሃ ብቻ አጥቤ ጥላ ውስጥ እሰቅላታለሁ፤ ፀሐይም ክሯን ያደክማል። እሳቸው ግን ይህን ያህል የሚንከባከቡት ገመድ አይተው አያውቁም። የአያቴ የቃጫ ገመድ በረት ውስጥ በስብሶ እስኪበጠስ ማንም አላጠበውም።

የካቲት ላይ ከአንዱ ጫፍ ሦስት ሜትር ገደማ ላይ ልባሷ፣ ማለትም የውጭ ሽፋኗ፣ ፀጉር አወጣ። የኛ አገር ጥቁር ድንጋይ ጠርዙ እንደ ቢላ ነው። በጣቴ ሳጥፋት እዚያ ቦታ ላይ ትልፈሰፈሳለች። ሳላመነታ አራት ሜትር ቆረጥኩ። መሐሏን የሚያሳየውን ጥቁር ምልክትም አጥፍቼ እንደ አዲስ አደረግኩ፤ የድሮው ቢቀር ኖሮ አንዱ ጫፍ አጥሮ ይቀር ነበር። ትልቁን ፏፏቴ ከእንግዲህ በሷ አልወርድም።

በልግ ከገባ ወዲህ ተሰቅላለች። እዚያ ገደል ውስጥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከላይ ተራራው ላይ ዘንቦ ደራሽ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል፤ መሸሻ ደግሞ የለም።

በያዥነቷ አንድም ቀን አላማኋትም። እርጥብ ስትሆን ትከብዳለች፣ ቋጠሮዋ በደነዘዘ ጣት አይፈታም፣ ግን ቢጫነቷ በጨለማው ውስጥ ከሩቅ ይታያል። የሚቀጥለው ጊዜ 50 ሜትር ነው የማስመጣው። የአክስቴ ልጅ ሻንጣው እንደሚከብድ ከአሁኑ እያጉረመረመ ነው።