አይሶፖድ የገባበት የጌኮ ቤት፦ ደሴ ላይ ክረምትና በጋ ካለፈበት በኋላ

ስለ ባዮአክቲቭ ቴራሪየም፣ ማለትም ጥቃቅን ፍጥረታት ቆሻሻውን እየበሉ ስለሚያጸዱት የእንስሳ መስታወት ሳጥን፣ የሚወራው ደስ ይላል። አፈርና ቅጠል አስገቡ፣ አይሶፖድ የሚባሉትን ባለብዙ እግር ደቃቅ ፍጥረታት ጨምሩ፣ እንስሳችሁን ልቀቁ፣ ከዚያ በኋላ ማጽዳት የሚባል ጣጣ የለም ይላሉ። እኔ ደሴ ላይ አንዱን ይዤ ክረምቱንም በጋውንም አሳልፌያለሁ። ግማሹ እውነት ነው።

ሳጥኑን የሠሩልኝ እዚሁ ከተማ የመስታወትና የአሉሚኒየም ሥራ የሚሠሩ ልጆች ናቸው። የፊቱ መስታወት ተንሸራታች ነው፣ ክዳኑ ወንፊት። ከታች ጠጠር አለ፣ በላዩ የትንኝ ወንፊት፣ ከዚያ አፈር፣ ከላይ ወፍራም የደረቀ ቅጠል። የተረፈው ውሃ ጠጠሩ ውስጥ ይወርዳል፣ አፈሩ አይጨቀይም። ነዋሪዋ ክሬስትድ ጌኮ የምትባል የእንሽላሊት ዓይነት ናት፤ አገር የለቀቀ ወዳጄ ከነአይሶፖዶቿ ትቶልኝ ሄደ። ዝርያዋ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ካለችው ደሴት ከኒው ካሌዶኒያ ነው። እስከ 1994 እ.ኤ.አ. ድረስ ጨርሶ ጠፍቷል ይባል ነበር። ከ28 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይጎዳታል። ስለዚህ ቆላ ቆላ ከሚለው ኮምቦልቻ ይልቅ ደሴ ይሻላታል። ወዳጄ ይህን አስቦ ይሁን አይሁን እንጃ።

አይሶፖዶቹ ድንጋይ ስታነሱ ከሥሩ የሚሯሯጡት ግራጫዎቹ ናቸው። ነፍሳት ይመስላሉ እንጂ ከሸርጣን ወገን ናቸው። 14 እግር አላቸው። እናትየዋ እንቁላሏን ሆዷ ሥር ባለ ከረጢት ይዛ ትዞራለች። የሚተነፍሱበት አካል ሁልጊዜ እርጥብ መሆን አለበት። ጉዳዩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ከደረቀባቸው ይሞታሉ፤ ውሃ ከተኛባቸውም ይሞታሉ። እኔ የሳጥኑን አንድ ጥግ ብቻ አርሳለሁ፣ ሌላውን ደረቅ እተወዋለሁ። የሚስማማቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ።

ሥራቸውን በተመለከተ አልዋሽም፣ ጎበዞች ናቸው። አፈር ላይ የወደቀ የጌኮ ኩስ በቀናት ውስጥ ድራሹ ይጠፋል። ክሪኬት የሚባለው ፌንጣ መሰል ነፍሳት ሞቶ ቢገኝ ለእነሱ ድግስ ነው። ሽታ የለም። መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ግን አይነኩትም፣ እሱ የእናንተ ድርሻ ነው። ውሃ መርጨትም፣ ተክል መቁረጥም ይቀራል። በሐምሌና በነሐሴ እንጨቱ ላይ ሻጋታ ወጥቶ ነበር። እሱን የበሉት ስፕሪንግቴይል የሚባሉት ደቃቅ ነጫጮች ናቸው። እነሱን ደግሞ እርጥብ ከሰል ላይ በቀላሉ ማራባት ይቻላል፣ ከሰል ደግሞ አላጣንም።

ማንም ያልነገረኝ የቅጠሉን ነገር ነው። ሰው አይሶፖዱን ይገዛል፣ ቅጠሉን ይረሳል። ዋናው ምግባቸው ግን የበሰበሰ ቅጠል ነው፣ ኩሱ ተጨማሪ ነው። ቅጠሉ ካለቀ ቁጥራቸው ይወርዳል። ደሴ ላይ ቅጠል ቢባል ያው ባሕር ዛፍ ነው። እሱ ደግሞ ዘይቱ ብዙ ስለሆነ አይሆንም። ጥድም ሙጫ አለው። እኔ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ የወደቀ የዋንዛና የሾላ ቅጠል በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቼ እመጣለሁ። በፈላ ውሃ አለፍ አድርጌ አስጥቼ አስቀምጣለሁ። ዋንዛው ቶሎ ያልቃል፣ ሾላው ይቆያል። መድኃኒት የተረጨ ማሳ አጠገብ ያለውን ግን አትልቀሙ።

ሌላው ካልሲየም ነው። ዶሮ ወጥ በተሠራ ማግስት የእንቁላል ቅርፊቱን አድርቄ እወቅጥላቸዋለሁ። ቅርፊታቸውን የሚቀይሩት በሁለት ዙር ነው፤ መጀመሪያ የኋላውን፣ ቀጥሎ የፊቱን። አንዱ ከወገቡ በታች ነጣ ብሎ ካያችሁት አልታመመም። የጣለውን ቅርፊትም መልሶ ይበላዋል።

ከያዝኳቸው ሁለት የአይሶፖድ ዓይነቶች ለደሴ የሚሆነው ፖርሴሊዮ ስካበር ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ምንም አላደረገውም። መብራት በጠፋ ቁጥር እኔ ስለ ጌኮዋ ስጨነቅ እሱ ቅጠሉን ይበላ ነበር። ድዋርፍ ኋይት የሚባለው ትንሹ ነጭ ግን የሞቃት አገር ነው። ሴቶች ብቻ ሆነው ያለ ወንድ ይራባሉ፤ ብርዱ ሲመጣ ግን ቀዝቅዘው ከአፈሩ ሥር አልወጡም። እንዲያ ዓይነቱን ለኮምቦልቻ ሰው እመክራለሁ። ጌኮዋም አልፎ አልፎ አንዱን ትውጣለች። ይሁን፣ ለእሷም ካልሲየም ነው።

ከብርዱ የባሰው አደጋ ፍሊት ነው። ጎረቤቴ እትዬ መጀመሪያ ሳጥኑን ሲያዩ «አብሽር ልጄ፣ ይኼንን ተባይ እኔ አጠፋልሃለሁ!» ብለው ጣሳውን ይዘው መጡ። ቡና ጋብዤ መለስኳቸው። የትኋንና የዝንብ መርጫ እንዲህ ዓይነቱን ፍጥረት አይምርም። ሳጥኑ ባለበት ክፍል ፍሊት የሚባል ነገር አይነፋም፣ አለቀ።

የሳጥኑን ጉድለት ልናገር። አየር የሚያስገባው ከላይ ብቻ ነው። በክረምት ጉም የጦሳን ተራራ ሲሸፍነው የእኔም መስታወት እስከ ረፋድ ድረስ ጌኮዋን አያሳይም። የምታሠሩ ካላችሁ ከበሩ በታች ጠበብ ያለ የወንፊት ክፍት ይግባ በሉ። አየሩ ከታች ገብቶ በላይ ይወጣል። የበሩ ሐዲድም አፈር ይሞላል፣ በጥርስ ብሩሽ እጠርገዋለሁ።

ለማን አይሆንም? የበረሃ እንስሳ ላለው፤ ድርቀቱ አይሶፖዶቹን ይጨርሳቸዋል። ያገኘውን ሁሉ ለሚቆፍርና ለሚረግጥ ኤሊም አልመክርም። ከጓሮ ድንጋይ ሥር የተለቀመውንም በቀጥታ አታስገቡ፤ መዥገር መሰል ጥቃቅን ተባይና መቶ እግር ይዞ ሊመጣ ይችላል። መጀመሪያ ለብቻው በፕላስቲክ ዕቃ ይቆይ።

ሳጥኑ ያስወጣኝ ገንዘብ ከሁሉም ይበልጣል። አይሶፖዱ ራሱ ይራባል፣ ቅርፊትና ቅጠል በነጻ ነው። እንደገና ባሠራ ያንኑ አሠራለሁ፣ በሩን ግን ተንሸራታች ሳይሆን በማጠፊያ የሚከፈት አደርገዋለሁ።