የጠበቅነው ቅናሽ፦ በጥር ጉዞዬ አዲስ አበባ ላይ ላፕቶፕ ስገዛ

በ2018 ገናንም ጥምቀትንም አዲስ አበባ አሳለፍኩ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የሄድኩት ለበዓል ቢሆንም ለእህቴ ልጅ የነበረብኝን ዕዳ ለመክፈልም ጭምር ነበር። ዕዳው ላፕቶፕ ነው። ስለ ሆቴልና ስለ ክትፎ ቤት የሚጽፍ ሞልቷል፤ እኔ ኮምፒውተር ለመግዛት ስል የረገጥኳቸውን ደጆች ልጻፍ። አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሁሉ «ከዚያ ይዘህልኝ ትመጣለህ ወይስ እዚሁ ልግዛ? አሁን ልግዛ ወይስ ይወርዳል?» መባሉ አይቀርምና።

ዕዳው እንዲህ ነው የመጣው። ሰኔ 2016 ላይ መጥቼ በነበረ ጊዜ ልጅቷ የሶፍትዌር ምህንድስና ተማሪ ነበረች፣ ሁለተኛ ዓመት ልትገባ። እህቴ እቁብ ደርሷት 30,000 ብር ይዛለች። መገናኛ አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ ያገለገለ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 በ31,000 ብር አገኘን። ዕቃው ጥሩ ነበር። እኔ ግን «ቆይ» አልኩ። «አዲስ ሞዴል በመጣ ቁጥር አሮጌው ይረክሳል፤ ካልሆነም ኅዳር ላይ አሜሪካ ቅናሽ አለ፣ ገዝቼ እልካለሁ» ብዬ ሁለቱንም አሳመንኳቸው። ምክሬ ከባዶ ሜዳ የመጣ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2021 ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) የሚቆፍሩ ሰዎች የግራፊክስ ካርዱን ሁሉ ሲሻሙት ሳልገዛ ታግሼ በዓመቱ ሲወርድ የገዛሁ ሰው ነኝ። በ2023ም ኤስኤስዲ (የኮምፒውተር ፋይል ማከማቻ) ገበያው ላይ ተትረፍርፎ ሲረክስ ነው የሸመትኩት። መጠበቅ ሁሌ ይክሰኝ ነበር።

ወደ አሜሪካ ተመልሼ ብዙም ሳልቆይ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ልጅቷ አንድ መስመር ጻፈችልኝ፦ «ጋሼ፣ ዋጋው ወረደ?»

ኅዳር ላይ እውነትም ላፕቶፕ ገዛሁ። የሚወስድልኝ ሰው ግን ጠፋ። አንዱ እሺ ብሎ በመጨረሻው ቀን ሻንጣው ሞላበት። ሌላዋ «ላፕቶፕ በእጅ ቢያዝ ነው የሚሻለው፣ እኔ ደግሞ ሕፃን አቅፌያለሁ» አለችኝ፤ የሊቲየም ባትሪ ነገር ስለሆነ አልፈረድኩባትም። ዕቃው ቤቴ ተቀምጦ ተቀምጦ የገዛ ልጄ ወሰደችው። የእህቴ እቁብ ደግሞ በጤፍና በቤት ኪራይ አለቀ። ልጅቷ አንድ ዓመት ተኩል ያህል በዩኒቨርሲቲው ላብና በጓደኛዋ ማሽን ተማረች።

አሁን ወደ ግምገማው።

ባንኩ። ቦሌ አካባቢ ነው የመነዘርኩት። ፓስፖርት ተጠየቅኩ፣ ፎርም ሞላሁ፣ 40 ደቂቃ ያህል ተቀመጥኩ። ዶላሩ ከ150 ብር በላይ ነበር። አስተናጋጇ ትሁት ናት፣ ወንበሩም ይመቻል፤ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

መጓጓዣ። በስልክ የሚጠሩትን ታክሲዎች፣ ፈረስንም ራይድንም፣ ተጠቅሜያለሁ። ሁለቱም ይመጣሉ፤ መጀመሪያ ግን ደውለው «የት ጋ ነህ?» ይሉሃል። ካርታው ላይ ያለችውን ነጥብ ማንም አያምናትም።

የመጀመሪያው የኮምፒውተር ሱቅ። ስሙን አልጠራም። መስታወቱ ላይ «ስላይትሊ ዩዝድ፣ ከዱባይ» የሚል ተለጥፏል። ልጁ ቲንክፓድ አወጣልኝ፤ ያብረቀርቃል፣ ዊንዶውስ 11 ተጭኖበታል፣ 29,000 ብር። «ጋሼ፣ ከዚህ የሚረክስ አያገኙም» አለኝ፤ በዚህስ አልዋሸም። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ፕሮሰሰሩን (የማሽኑን አንጎል) ሳይ ግን ኮር አይ 5 ካለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር በ7 ይጀምራል፤ ሰባተኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ማለት ነው። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 11ን ከኢንቴል በኩል ጥቂት ማሽኖች ሲቀሩ የሚፈቅደው ከስምንተኛው ጀምሮ ነው። የዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ማሽኑ ላይ ያለው ዊንዶውስ 11 በጓሮ በር የገባ ነው ማለት ነው። ልጁን ስጠይቀው «ይሠራል እኮ!» አለ። ይሠራል፣ አዎ፤ ነገ ማሻሻያ ሲከለከል ግን የሚያዝንለት የለም። ያ ስንጠብቀው የኖርነው ርካሽ ማሽን መጥቶ ቆሞልናል፤ የረከሰው ሌላው ዓለም ስለጣለው ነው።

እዚህ ላይ ለገዢዎች አንድ ነገር፦ «ኮር አይ 5 ነው» የሚል ሻጭ ምንም አልነገራችሁም። ተከታዩን ቁጥር ጠይቁት።

ሁለተኛው ሱቅ። እዚያው መገናኛ፣ ሌላ ፎቅ። ቲ480 ነበራቸው፤ ያኔ የተውነው ዓይነት፣ ስምንተኛ ጀነሬሽን። ባለ 16 ጊጋ ራሙ (ራም ማለት ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ሜሞሪ ነው) 46,000 ብር፣ ባለ 8ቱ 41,000። ለአንዲት ባለ 8 ጊጋ ራም 5,000 ብር! ሻጩ ዓይኔን አይቶ «ራም እንኳን አሁን ከማሽኑ ብሶ ነው የሚጨምረው» አለኝ። የነጋዴ ወሬ አልነበረም። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ሜሞሪውን ጠርገው እየወሰዱት ነው፤ አምራቾቹም ምርታቸውን ወደዚያው እያዞሩ ናቸው። ሜሞሪ አምራቹ ማይክሮን በታኅሣሥ እ.ኤ.አ. 2025 ክሩሻል የሚለውን የችርቻሮ ብራንዱን እንደሚተው አስታውቋል። ትንሿ ርካሽ ኮምፒውተር ራስፕበሪ ፓይ እንኳ በዚያው ወር ዋጋ ጨምሯል። እኔም በአሜሪካው በጋ ሜሪላንድ «ይወርዳል» ብዬ የተውኩት ራም ከእጥፍ በላይ ሆኖ ነው የጠበቀኝ። መጠበቅ አሁን እዚያም አያዋጣም።

ደግነቱ ቤት ውስጥ ከወደቀ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4 (የራም ዓይነት ነው) ራም ነቅዬ ኪሴ ከትቼ መጥቼ ነበር። ቲ480 ሁለት የራም ቀዳዳ ስላለው ባለ 8ቱን ገዝቼ የራሴን ልጨምርበት ወሰንኩ። (ቲ480ኤስ ከሆነ አንዱ ራም ከሰሌዳው ጋር ተበይዶ ነው የሚመጣው፤ ስሙ ይመሳሰላልና ተጠንቀቁ።) «የመጨረሻ ስንት?» ተባብለን በ39,500 ብር ተስማማን። በእህቴ ቴሌብር ከፈልን፤ ደረሰኝ ቢያስለምኑም ሰጡን። የ3 ወር ዋስትናውን ቢዝነስ ካርድ ጀርባ ላይ በእጅ ጻፉልን። በአራተኛው ቀን የኪቦርዱ ስፔስ አልሠራ አለ። ሁለት ጊዜ «ነገ ይምጡ» ተባልኩ፣ በሦስተኛው ቀየሩት። ገንዘብ አልጠየቁም። ዕቃው ጥሩ፣ ዋጋው ደህና፣ ነገ ባዩ ብዙ።

ጠጋኙ። ስለ እሱ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ድሮ ፒያሳ ነበር የሚሠራው። በ2016 ያ ሰፈር ሲፈርስ የእሱም ክፍል አብራ ሄደች፤ አሁን አራት ኪሎ አካባቢ ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ነው ያለው። ማሽኑን ፈታው፣ ራሜን ጨመረበት፣ የማራገቢያውን አቧራ በብሩሽ ጠረገ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን የደረቀ ፓስታ (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ጠርጎ አዲስ ቀባ። ቀጥሎ የባትሪ ሪፖርት አወጣ። ቲ480 ሁለት ባትሪ አለው፤ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ከውጭ የሚሰካ። የውስጡ ደህና ነው፣ የውጭው አዲስ ሳለ ከነበረው አቅም 60 ከመቶ ብቻ ቀርቶታል። «አዲስ ባትሪ ልግዛ?» አልኩት፤ እሱ ራሱ ግድግዳው ላይ ባትሪ ሰቅሏል። «አይ፣ ጋሼ። አሁን ያለን ኮፒ ነው፤ ከዚህ አሮጌ ኦሪጅናል አይሻልም። ሲደክም ያኔ እርስዎ ከዚያ ይላኩላት» አለኝ። ለሥራው ሁሉ 800 ብር ወሰደ። የሚሸጠውን ዕቃ አትግዛ የሚል ሰው ለማግኘት ከባሕር ማዶ መምጣት ያስፈልጋል።

ማታ ቤት ሆኜ ሒሳቡን ሠራሁት። ያኔ 31,000 ብሩን ባንክ በ57 ብር መንዝሬ ብከፍል ኖሮ 540 ዶላር ገደማ ያስወጣኝ ነበር። አሁን 39,500 ብሩ ያወጣኝ 260 ዶላር ገደማ ነው። እኔ ዶላር ይዤ ስለጠበቅኩ ላፕቶፑ በግማሽ ረከሰልኝ። እህቴ ግን ብር ይዛ ጠበቀች፤ ለእሷ ያው ዕቃ 8,500 ብር ተወደደ። ሱቆቹ ያኔም ዋጋ ይተምኑ የነበረው በጥቁር ገበያው ዶላር ስለነበር ነው ጭማሪው ከዚህ ያልበለጠው። አንድ ምክር ለሁለት ኪስ ሰጠሁ፤ የእኔን ኪስ ብቻ እያየሁ።

አገር ቤት ያለውን ሰው ምን ብለህ ትመክራለህ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፦ ገንዘቡ በብር ከሆነ፣ ዕቃውም የሚያስፈልግ ከሆነ፣ በተገኘበት ቀን ይገዛ። ቲ480 እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ማሽን ነው፤ አዲስ ሳለ የነበረውን ውድ ዋጋ የሆነ መሥሪያ ቤት ከፍሎ፣ ለዓመታት ተጠቅሞ ጥሎታል። መጠበቁን ሌላ ሰው ጠብቆልናል። ተከራይቶ ወይም ገዝቶ በየጥቂት ዓመቱ የሚቀይር መሥሪያ ቤት እስካለ ድረስ እንዲህ ያለ ዕቃ መምጣቱ አይቀርም፤ እኛ የምንጠብቀው ተጨማሪ ቅናሽ ግን በምንዛሪው ይበላል። ትናንት የወጣ አዲስ ሞዴል ልግዛ ለሚል ሰው ብቻ ነው «ጥቂት ወር ታገስ» የምለው፤ እሱም ቢሆን ራም እንዲህ በሆነበት ዓመት አፌን ሞልቼ አልናገርም።

የምመለስበት ቀን ምሳ እየበላን እህቴ መጋቢት ላይ እቁብ እንደሚደርሳት ነገረችኝ። ፍሪጇ አርጅቷል። «ለፋሲካ ይቀንስ ይሆን? ምን ትላለህ?» አለችኝ። ልጅቷ ከላፕቶፑ ቀና እንኳ ሳትል «እማዬ፣ ጋሼን ብቻ እንዳትጠይቂው» አለች።