ጅማ ላይ የዘይት መጭመቂያ ያላችሁ ወይም ልትገዙ ያሰባችሁ፣ እኚህን ሰው ሳታማክሩ ብር አታውጡ

ሰላም የጅማ ልጆች! ዛሬ የምጽፈው ጋሼን ለማመስገን ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለለመኑኝ ጋሼ ብቻ ልበላቸው። የቶርኖና የብየዳ ባለሙያ ናቸው፤ የሚሠሩት እዚሁ ጅማ፣ ከመርካቶ ብዙም ሳይርቅ ነው። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አገናኘዋለሁ።

በፊት ግን የደረሰብኝን ልናገር፤ ሆዴ ውስጥ ያለው ካልወጣ ምስጋናውም አይጥመኝም።

በ2014 ዓ.ም. ዘይት እንዴት አድርጎ እንዳቃጠለን ታስታውሳላችሁ። የዩክሬን ጦርነት የሱፍ ዘይቱን ሰቀለው፤ ሚያዝያ ላይ ደግሞ ኢንዶኔዢያ የፓልም ዘይት ከአገሬ አይወጣም ብላ ለሳምንታት ዘጋች። እኛ ሸማቾች ማኅበር በር ላይ ባዶ ጄሪካን ይዘን እንሰለፋለን። ያኔ ነው ለምን ራሴ አልጨምቅም ያልኩት። ኑግ እንደሆነ የአገራችን ነው፤ ከወለጋ በበደሌ በኩል ጅማ ይገባል። እናቴ በጾም ኑግ አምሳ ስትወቅጥ ነው ያደግሁት፤ ሽታው እስከ ጎረቤት ይሄድ ነበር።

ዕቁቤ ወጣልኝ፣ ከዘመድ ተበደርኩ፣ ማሽን ገዛሁ። የሸጠልኝን ሰው ስም አልጠራም፤ ፈጣሪ ያውቀዋል። "ማንኛውንም የቅባት እህል ይጨምቃል፣ ኑግ፣ ሰሊጥ፣ ለውዝ፣ የፈለግሽውን" ነበር ያለኝ። አዲስ ቀለም የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ ማሽን። በአይሱዙ ተጭኖ ሲመጣ ሰፈሩ በእልልታ ነው የተቀበለው። ከዚያ ኑጉን ስንጨምርበት ግማሹ እንዳለ ጥሬውን ወረደ፣ የቀረው እንደ ጭቃ ያለ ነገር ሆኖ ወጣ። ዘይት የሚባል የለም።

ሻጩ ጋ ስደውል መጀመሪያ "ኑጉ እርጥብ ነው" አለ። ቀጥሎ "መብራታችሁ ደካማ ነው"። ቀጥሎ ስልክ ማንሳት ተወ።

ጠጋኝ ተብዬዎቹ ደግሞ ተራ በተራ መጡ። አንዱ ኩሽኔታ ቀየረ፣ አንዱ ቺንጋው ነው አለ፣ አንዱ ሞተሩ አይችልም ብሎ ሌላ ሊሸጥልኝ ፈለገ። አንዱማ ልሞክረው እያለ ሙሉ ማዳበሪያ ኑግ አስበልቶኝ፣ የጉልበቱን ተቀብሎ ሄደ። ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን "ባለቤትሽን ጥሪልኝ፣ ከሱ ጋር እናውራ" ያለኝ ነው። ማሽኑን የገዛሁት እኔ፣ ዕዳው የኔ፣ እሱ የሚያወራው ከባለቤቴ ጋር! ባለቤቴ እንኳን ማሽን አምፖል መቀየር አይወድም።

ጋሼን የጠቆመችኝ ቡና የምታፈላ ጎረቤቴ ናት። በባጃጅ መጡ፣ ከአንድ ልጅ ጋር። የመፍቻ ሳጥኑን አልከፈቱም። ማሽኑን ዞረው አዩትና ጎኑ ላይ በቀለም የተሸፈነች ትንሽ ቆርቆሮ አገኙ። በቁልፋቸው ጫፍ ቀስ እያሉ ቀለሙን ፋቁት። ልጄን ጠርተው አስነበቡት። ያን ሁሉ ጊዜ የመጣ ባለሙያ ያቺን ቆርቆሮ አላያትም! የሸጠልኝ ሰው ለምን ቀለም እንደቀባባት እናንተው ፍረዱ።

ከዚያ ልጁን አንዱን ክዳን አስፈቱትና ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን የብረት ቱቦ አወጡ። እፍኝ ኑግ ተቀብለውኝ ላዩ ላይ ነሰነሱት። ኑጉ በቀዳዳው አልፎ መሬት ላይ ተበተነ። ቀና ብለው አዩኝና "ልጄ፣ ማሽኑ አልተበላሸም። ደህና ማሽን ነው። ያንቺ ግን አይደለም" አሉኝ።

ለካ የፓልም ፍሬ መጭመቂያ ነው! እንዳስረዱኝ የፓልም ፍሬ ለስላሳ ስለሆነ በእንፋሎት ተቀቅሎ፣ ተቦክቶ ነው የሚጨመቀው። ሲጨመቅም ውስጡ ያለው ጠንካራ ፍሬ እንዳይሰበር በልክ ነው፤ ከሱ ሌላ ዓይነት ዘይት ይወጣል። ኑግ ደግሞ ደቃቅና ደረቅ ስለሆነ ጠባብ ክፍተትና ከባድ ጭነት ይፈልጋል። ከዚህ በላይ ያለው ለኔ አልገባኝም፣ እሳቸውን ጠይቁ። ልጄ ማታ በስልኩ ሲያነብልኝ ከዓለም የፓልም ዘይት ከ80 በመቶ በላዩ ከኢንዶኔዢያና ከማሌዢያ ነው የሚመጣው፤ ፍሬው ከተቆረጠ በኋላ ካደረ ስለሚበላሽ ፋብሪካውም እዚያው እርሻው አጠገብ ነው የሚተከለው። ጅማ ላይ እኔ የማውቀው ዘንባባ ለሆሳዕና የምናስረውን ነው!

አለቀስኩ። እሳቸው ግን ቡናቸውን እየጠጡ "የሞተሩ ገንዘብሽ አልጠፋም፣ ሞተሩ ጤነኛ ነው" አሉኝ። የመጡበትን ልከፍል ብር ሳወጣ እጄን መለሱት። "ጠገንኩልሽ ብዬ ብቀበልሽ ይሄ ኑግ በልጆቼ ሆድ ይበቅላል" አሉ። ይህን ቃል እስክሞት አልረሳውም። ሌሎቹ እኮ ምንም ሳይሠሩ ነው ኪሴን ያራገፉት!

ከዘጋ ወፍጮ ቤት አሮጌ የኑግ መጭመቂያ ያፈላለጉልኝም እሳቸው ናቸው። ዋጋውንም ራሳቸው ተከራክረው አስቀነሱ። ጠመዝማዛው ብረት ተበልቶ ነበር፤ በብየዳ ሞልተው፣ ቶርኖ ላይ አስተካክለው፣ የኔን ሞተር ገጠሙለት። የጉልበታቸውን ሲጠይቁኝ ደግሞ አፍሬ ጨመርኩበት፤ ጭማሪውን ለልጁ ሰጡት።

የተሞከረ ዕለት መጀመሪያ ኑግ አላስጨመሩም። ማሽኑ እስኪሞቅ ፋጉሎ፣ ያው ዘይቱ ተጨምቆ ሲወጣ የሚቀረውን፣ አበሉት። ከዚያ ኑጉ ገባ፤ ጠብ ጠብ አለ፣ ቀጥሎ ወረደ። ጋሼ ግን ዘይቱን አላዩም፣ የሚወጣውን ፋጉሎ ነው ያነሱት። በጣታቸው ሰበሩት፣ አሸተቱት፣ "ገና ነው" አሉና ጫፉን ትንሽ አጠበቁ። እንደገና ሰበሩ፣ እንደገና አጠበቁ። በመጨረሻ ስስ ሆኖ ቀጭ ሲል ራሳቸውን ነቀነቁ። እናቴ ዘይቱ በርሜል ውስጥ ሳይጠል ዳቦ አጥቅሳ ቀመሰች፤ ምርቃቱን አልነግራችሁም።

ፓልሙን ላጣጥል አይደለም። ሲቀዘቅዝ ጄሪካኑ ውስጥ እየረጋ ቢያስቸግርም የብዙ ሰው ቤት የሚገባው እሱ ነው፣ ኑግ ሲወደድ እኔም ገዝቼ አውቃለሁ። የሸጠልኝ ሰው ነው ያናደደኝ።

ጋሼ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ! ወፍጮም ይሁን የቡና መፈልፈያ፣ የተበላሸባችሁ ሁሉ ለእሳቸው አሳዩ። እውነቱን ይነግሯችኋል። የማይጠገን ከሆነም አይጠገንም ይሏችኋል። ማሽን ገና ያልገዛችሁ ደግሞ፣ ስለ ፈጣሪ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይዛችኋቸው ሂዱ።

ሐሙስ ገበያ ስለሆነ ሰው ይበዛባቸዋል፤ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ካልሆነ አታገኟቸውም። ሌላ ቀን በጠዋት ሂዱ፣ ስትደውሉም የኑጓ ልጅ ልካን ነው በሏቸው። ለላሞቻችሁ ፋጉሎ የምትፈልጉም በዚያው ጻፉልኝ፣ አለ።