የእርሳስ ጥንካሬ መለኪያ፦ ከስምንት ወር አገልግሎት በኋላ

ለዒላማ ተኩስ የሚሆነውን አረር ራሱ አቅልጦ የሚያፈስ ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ከውዳቂ ብረት መካከል የተገኘው ይህ ግራጫ ቁራጭ በውስጡ ምን አለው? በአፈሙዛቸው የሚጎርሱ ጠመንጃዎች ንጹሕና ለስላሳ እርሳስ ይፈልጋሉ። በፍጥነት ለሚወነጨፍ አረር ግን ያው ለስላሳ እርሳስ በርሜሉ ውስጥ እየተላጠ ስለሚቀር፣ አንቲሞኒና ቲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ገብተውበት የጠነከረ ቅይጥ ያስፈልጋል። እኔም የጥንካሬ መለኪያውን የገዛሁት ይህን ጥያቄ ይመልስልኛል ብዬ ነበር። ዛሬ የምለው ግን መሣሪያው ጥንካሬን በታማኝነት ይለካል፣ የቁራጩን ማንነት ግን ብቻውን አይነግርም ነው።

ከዚያ በፊት የምሠራው በሠዓሊ እርሳሶች ነበር። በቋንቋችን ብረቱም መጻፊያውም በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነገሩን ግልጽ ላድርገው፤ ለስላሳ ከሆነው 6ቢ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጠነከሩ የሚሄዱትን የሥዕል መጻፊያዎች ጫፋቸውን ጠፍጣፋ አድርጎ በብረቱ ላይ መግፋትና መቧጨር የሚጀምረው የትኛው እንደሆነ ማየት ማለት ነው። ዘዴው ለስላሳውን ከጠንካራው ይለያል፤ መሐል ላይ ያለውን ሰፊ ክልል ግን አደባልቆ ያልፈዋል።

መለኪያው አሠራሩ ቀላል ነው። ስፋቷ ወደ 4 ሚሊሜትር የሚጠጋ የብረት ብይ፣ እርሷን 27 ኪሎ ገደማ በሚሆን ኃይል የሚገፋ ሞላ፣ እንዲሁም ሃያ ጊዜ የሚያጎላ ትንሽ ማይክሮስኮፕ አለው። ብይዋ በእርሳሱ ላይ ለ30 ሰከንድ ተጭና ትቆያለች፤ ከዚያ የተወችው ጎድጓዳ ምልክት ስፋቱ ይለካና ከሠንጠረዡ ጋር ተመሳክሮ የብሪኔል ቁጥር የሚባለው የጥንካሬ ልክ ይገኛል። ስሌቱ ስዊድናዊው መሐንዲስ ዮሃን አውግስት ብሪኔል በ1900 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ነው፤ የተጫነው ኃይል ለምልክቱ የገጽ ስፋት ይካፈላል፤ ስለዚህም ብረቱ በለሰለሰ ቁጥር ምልክቱ ይሰፋል፣ ቁጥሩም ይወርዳል። ንጹሕ እርሳስ 5 አካባቢ ያነባል። ለጎማ ባላንስ የሚያገለግሉት በመቆንጠጫ የሚያዙ እርሳሶች ከ9 እስከ 12፣ 84 በመቶ እርሳስ፣ 12 በመቶ አንቲሞኒና 4 በመቶ ቲን የያዘው የማተሚያ ቤት የመስመር ፊደል (ሊኖታይፕ) ቅይጥ ደግሞ 22 አካባቢ ይሆናል።

ችግሬ የጀመረው ከማይክሮስኮፑ ነበር። ቀጭን ቱቦ ስለሆነ በእጅ ሲያዝ የትንፋሽ ያህል ንቅናቄ ምልክቱን ከዕይታ ያወጣዋል፤ የመጀመሪያውን ሳምንት አንዱን ምልክት ሦስት ጊዜ ለክቼ ሦስት ልዩ ልዩ ቁጥር አገኝ ነበር። መፍትሔው አንድ የእንጨት ጉማጅ በቱቦው ልክ ቀድዶ ማይክሮስኮፑን ቀጥ አድርጎ ማቆም ሆነ። ብርሃኑም ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ በጣም ዝቅ ብሎ ሊገባ ይገባል። ያን ጊዜ የጉድጓዱ አንድ ወገን ይጨልማል፣ ሌላው ያበራል፣ ጠርዙም እንደ ቀጭን የብር ቀለበት ጎልቶ ይወጣል። ከመለካት በፊት ደግሞ ገጹን በሞረድ ጠፍጣፋ ማድረግ ግድ ነው፤ ያልተሞረደ ገጽ ላይ ምልክቱ ሞላላ ስለሚሆን የትኛውን ስፋት እንደሚያነቡ አይታወቅም።

እጅ ከለመደ በኋላ እንኳን መሣሪያው በሁሉም ክልል እኩል አያስተማምንም። በዚህ ብይና በዚህ ኃይል ንጹሕ እርሳስ ላይ የሚቀረው ምልክት 2.5 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ስላለው፣ የ0.05 ሚሊሜትር የንባብ ስሕተት ቁጥሩን በ0.2 ያህል ብቻ ነው የሚያዛባው። 22 ላይ ግን ምልክቱ ወደ 1.24 ሚሊሜትር ስለሚጠብ ያችው 0.05 ሚሊሜትር ቁጥሩን ወደ 24 ትወስደዋለች። ስለዚህ ለለስላሳ እርሳስ አንድ ምልክት ይበቃኛል፤ ለጠንካራው ግን በተለያየ ቦታ ቢያንስ ሦስት ምልክት አስቀምጬ አማካዩን እወስዳለሁ።

በአራተኛው ወር የደረሰብኝ ነገር ስለ መሣሪያው ያለኝን አስተያየት ለውጦታል። ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች የመጡ ሁለት ክምሮች ነበሩኝ፤ ሁለቱም 11 ስላነበቡ አንድ ዓይነት ናቸው ብዬ ግማሽ ግማሹን ቀላቅዬ አቀለጥሁ። ከቀሩት ግማሾች በአንዱ ፎርማ ያፈሰስኋቸው አረሮች ግን ክብደታቸው በግልጽ ተለያየ። ፎርማው አንድ ከሆነ የአረሮቹ መጠንም አንድ ነው፤ የክብደቱ ልዩነት የብረቱ ልዩነት ነበር። ሁለተኛው ክምር ጥንካሬውን ያገኘው ከአንቲሞኒ ሳይሆን ከቲን ነበረና፣ ከሁሉ ውድ የሆነውን ንጥረ ነገር ሳላውቀው ለተራ ቅይጥ አባከንሁት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ክምር በውኃም እመዝነዋለሁ። የእርሳስ እፍግታ፣ ማለትም የአንድ ኩብ ሴንቲሜትር ክብደቱ፣ 11.34 ግራም ነው፤ ቲን 7.3 ገደማ፣ አንቲሞኒ 6.7 ገደማ ስለሆኑ፣ ሲገቡበት ቅይጡን ያቀልሉታል። ውኃ የያዘውን ዕቃ ሚዛን ላይ አስቀምጬ ንባቡን ዜሮ አደርግና፣ በጡብ ቅርጽ የፈሰሰውን የእርሳስ ቁራጭ በክር አንጠልጥዬ ታቹንም ጎኑንም ሳይነካ ሙሉ በሙሉ አጠልቀዋለሁ። ሚዛኑ የሚያሳየው ግራም የጡቡ ይዘት በኩብ ሴንቲሜትር ነው። የመጀመሪያው ክምር 500 ግራም ጡብ 45.1 አሳየ፤ ሲካፈል 11.09 ይመጣል፣ ይህም 3 በመቶ አንቲሞኒና ጥቂት ቲን ካለው ቅይጥ ጋር ይስማማል። የሁለተኛው ክምር 46.3 ስላሳየ 10.80 ሆነ፤ ይህ ደግሞ አሥር እጅ እርሳስና አንድ እጅ ቲን ከሚሰጠው ስሌት ጋር ይገጥማል። ጥንካሬው አንድ፣ እፍግታው ሁለት። ሁለቱ ልኬቶች ተጣምረው የሰጡኝን መልስ አንዳቸውም ብቻቸውን አልሰጡኝም። ጡቡ ግን ትልቅ መሆን አለበት፤ እስከ 0.1 ግራም የሚያነብ ሚዛን 50 ግራም ቁራጭ ላይ ሁለት በመቶ ያህል ሊሳሳት ስለሚችል ልዩነቱን በሙሉ ይውጠዋል። በጡቡ ላይ የተለጠፈ የአየር አረፋ፣ ወይም ሲረጋ ውስጡ የቀረ ባዶ ቦታም እንዲሁ ያሳስታል።

ጊዜም በቁጥሩ ላይ ሥልጣን አለው። አንቲሞኒ ያለበት ቅይጥ፣ በተለይ ጥቂት አርሴኒክ ከተጨመረበት፣ ከፈሰሰ በኋላ ለቀናትና ለሳምንታት እየጠነከረ ይሄዳል። በፈሰሰበት ቀን 9 ያነበበው ጡቤ ከሦስት ሳምንት በኋላ 12 አነበበ። ከፎርማው እንደ ወጣ ትኩሱን ውኃ ውስጥ የገባ ደግሞ ከዚያም እጅግ ይጠነክራል። ስለዚህ ያልታወቀ ቁራጭ በመጣ ጊዜ አቅልጬ፣ በአየር አቀዝቅዤ፣ ቀኑን ጡቡ ላይ እጽፍና ሳምንታት ካለፉ በኋላ እንደገና እለካለሁ።

ይህ መለኪያ የማይደርስበት አንድ አደጋ ዚንክ ነው። አንድ የዚንክ ቁራጭ ሳይታይ ድስቱ ውስጥ ቢቀልጥ ቅይጡ እንደ ገንፎ ወፍሮ ፎርማውን አልሞላ ይላል። እርሳስ በ327፣ ዚንክ በ419 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጡ፣ ሙቀቱን 350 አካባቢ ከያዝሁት ዚንኩ ሳይቀልጥ ይንሳፈፋልና በማንኪያ አወጣዋለሁ። የመኪና ባትሪ እርሳስን ግን ጥንካሬው ምንም ቢያነብ አልነካውም፤ የሚተርፈው ዝቃጭ እርጥበት ሲያገኝ መርዘኛ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። የተሞረደውን ብናኝም በእርጥብ ጨርቅ እሰበስባለሁ፣ እጄን ሳልታጠብ ምግብ አልነካም፣ ልጆች ወደ ሥራ ክፍሉ አይገቡም፤ እርጥብ ቁራጭም ወደ ቀለጠ ብረት አላስገባም፣ እንፋሎቱ ብረቱን ወደ ፊት ይረጫልና።

መሣሪያው ራሱ እስካሁን አልተበላሸም። የማይክሮስኮፑ ቱቦ ላልቶ ስለነበር አንዴ አጥብቄዋለሁ፤ ሠንጠረዡ በጣም በደቃቅ ፊደል ስለታተመ በትልቁ ገልብጬ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ሞላው መድከም አለመድከሙን የማውቀው እንደ መለያ ባስቀመጥሁት የጣሪያ ንጹሕ እርሳስ ነው። በየወሩ መጀመሪያ አንድ ምልክት አስቀምጥበታለሁ፤ በስምንተኛው ወርም ምልክቱ እንደ መጀመሪያው ቀን 2.5 ሚሊሜትር አካባቢ ነው።