ማቆያ ውስጥ ሳለሁ የጎበኙኝ ማህበራዊ ሠራተኞች፦ ስለ አገልግሎታቸው

ጥገኝነት ጠይቄ መልስ እስኪመጣ ማቆያ ማዕከል ውስጥ 7 ወር ተቀምጫለሁ። 5ቱን ወር ከማዕከሉ ውጭ እየመጡ የሚጎበኙ ማህበራዊ ሠራተኞች አግዘውኛል። አገልግሎታቸው በነጻ ነው። ዘመድ የታሰረባቸው ሰዎች "እውነት ይጠቅማሉ ወይ?" እያሉ ስለሚጠይቁኝ ያየሁትን እንዳለ ልጻፈው።

መጀመሪያ አላመንኳቸውም። እዚያ ውስጥ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሊመረምርህ የመጣ ነው የሚመስልህ። የመጣችው ሴት ግን ገና ሳትቀመጥ "እኔ የማዕከሉ ሠራተኛ አይደለሁም። የምትነግረኝን ካልፈቀድክልኝ ለማንም አልሰጥም" አለችኝ። ቀጥላ "ማን ብዬ ልጥራህ?" አለች። እዚያ ግቢ የምንጠራው በቁጥር ነበር። ስሜን ስነግራት አጠራሩ እስኪስተካከልላት ደጋግማ አለችው።

ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ "ታስሬ ተንገላትቻለሁ" ብዬ ነበር። መንገላታት ደግሞ በአማርኛ የማይሸፍነው ነገር የለም። ወረፋ ላይ የዋለም ተንገላታሁ ይላል፤ ውስጥ እግሩን የተገረፈም ተንገላታሁ ይላል። የደረሰበትን ለማያውቀው ሰው የሚዘረዝር ማን አለ? የስልኩ አስተርጓሚ ቃሉን በቀላሉ አለፈው። መዝገቡ ላይ "ችግር ገጥሞታል" ተብሎ ቀረ።

ይህን ስታስነብብልኝ ቀና ብላ አየችኝ። "ተንገላታሁ ስትል ምን አደረጉህ?" አለች። ዝም አልኩ። አልገፋችኝም። "ዛሬ ካልሆነ ሌላ ቀን ይሆናል" ብላ ስለ እንቅልፌ ጠየቀችኝ። የምትመጣው በየሐሙሱ ነበር፤ በሦስተኛው ሐሙስ ነገርኳት። የጻፈችውን መልሳ አስነበበችልኝ፤ "ይህ ይውጣ፣ ይህ ይግባ" እያልኩ አብረን አስተካከልነው። ከጠበቃው ጋር ሆነው የሰቆቃ ምልክት መመርመር የሚያውቅ ሐኪም እንዲያየኝ ጠየቁ። ለዚህ ሥራ የኢስታንቡል ፕሮቶኮል የሚባል ዓለም አቀፍ መመሪያ እንዳለ የሰማሁት ያኔ ነው። ሐኪሙ ጀርባዬ ላይ ያለውን ጠባሳ አንድ በአንድ በማስመሪያ ለካ። የሰው አካል ሥዕል ላይም ቦታ ቦታውን ምልክት አደረገበት። ጉዳዬ ነፍስ የዘራው በዚያ ወረቀት ነው።

እንቅልፍ አጣሁ ስላት ደግሞ "በረጅሙ ተንፍስ" ብላኝ ብቻ አልሄደችም። በየሌሊቱ ቆጠራ እየተባለ ሁለት ጊዜ መብራት ዓይናችን ላይ ይበራ ነበር። የእያንዳንዳችንን ቀንና ሰዓት መዘገበች። ስማችንን ሳታወጣ የ14 ሰው አቤቱታ አድርጋ አስገባችው። ከ6 ሳምንት በኋላ ቆጠራው አንድ ጊዜ ሆነ፤ መብራቱም ከኮሪደሩ አላለፈም። እንደዚህ ዓይነት ሥራ ነው ሰውን ከእብደት የሚያወጣው።

ሕጉንም በሚገባን ቋንቋ አስረዱን። ሕይወቱ አደጋ ላይ ከነበረበት አገር በቀጥታ የመጣ ስደተኛ፣ ሳይዘገይ ራሱን ካቀረበና በቂ ምክንያት ካለው፣ ያለ ፈቃድ በመግባቱ ሊቀጣ አይገባም። ይህ እ.ኤ.አ. በ1951 በተፈረመው የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 31 ላይ ነው ያለው። አንቀጽ 33 ደግሞ አደጋ ወዳለበት አገር መመለስን ይከለክላል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው መመሪያም ጥገኝነት ጠያቂን ማሰር የመጨረሻ አማራጭ ነው ይላል፤ ልጆች ደግሞ በመርህ ደረጃ ጭራሽ መታሰር የለባቸውም። ከእኛ ጋር አንድ የ16 ዓመት ልጅ ነበር። ከአዋቂዎች ተለይቶ ከማቆያ እስኪወጣ ድረስ በየሳምንቱ ስለሱ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር።

አንድ ቀን "አንቺ ራስሽ እንጀራሽን እንዳታጪ አትፈሪም?" አልኳት። ስለ አውስትራሊያ ነገረችኝ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የድንበር ጥበቃ ሕግ በማቆያ ውስጥ ያየውን ያወጣ ሠራተኛ እስከ 2 ዓመት ሊታሰር ይችላል ይል ነበር። ሐኪሞችና ማህበራዊ ሠራተኞች ዝም አንልም ብለው ተቃወሙት። በኋላ ሕጉ ተሻሻለ። "የሙያችን ዓለም አቀፍ ትርጓሜ ራሱ ሰብአዊ መብትና ማህበራዊ ፍትህ ይላል። አይቼ ዝም ካልኩ ሙያዬ የቱ ጋ ነው?" አለችኝ።

ያስከፋኝንም ልናገር። ጉብኝቱ በሳምንት አንድ ሰዓት ነው፤ አስተርጓሚ ከዘገየ ግማሹ ይሄዳል። እሷ እረፍት ስትወጣ 3 ሳምንት ሙሉ ማንም አልነገረኝም። ትታኝ የሄደች መስሎኝ ምግብ አስጠላኝ። እዚያ ያለ ሰው በር በሩን እያየ ነው የሚውለው፤ አንድ መልእክት መላክ ይበቃ ነበር። ከወጣሁ በኋላም የደወሉልኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለኔ ግን ከባዱ ከወጡ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ወር ነበር። እዚህ ላይ ሰው መጨመር አለባቸው።

ደግሞ ጠበቃ አይደሉም፤ "አስፈታሃለሁ" አይሉም። ዘመዳችሁ ከገባ በመጀመሪያው ሳምንት አግኟቸው። ማዕከሉ የታሰረበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጠው እንዲጠይቁላችሁ ንገሯቸው፤ ፍርድ ቤት እስሩን እንዲመረምር ለማመልከት ጠበቃው መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። የቃለ መጠይቁ መዝገብም ቃል በቃል ይነበብለት።

አልጋችን ጎን ለጎን የነበረው ጓደኛዬ እስካሁን አልወጣም። ትናንት ደውሎልኝ ነበር። ሐሙስ መጥታ የሱን መዝገብ ማስነበብ ጀምራለች፤ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ናቸው።