ሮትቫንድሃውስ ከውሻ ጋር፦ ከአቀበቱ ይልቅ ላሞቹ ያሳስባሉ

ከሙኒክ ተነስቶ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ውሻ ይዞ ተራራ ለመውጣት ለሚፈልግ፣ በጀርመኑ ባየርን ግዛት ሮትቫንድሃውስን የመሰለ ምቹ የተራራ ማረፊያ ቤት ብዙ አይገኝም። ጉዞው የሚጀምርበት የሽፒትዚንግዜ ሐይቅ 1084 ሜትር ላይ ነው፤ ቤቱ ደግሞ 1737 ሜትር ላይ። 650 ሜትር ያህል አቀበት ነው ማለት ነው። ለአዲስ አበባ ልጅ ከፍታው ራሱ ምንም አይደለም፤ ቤቱ ያለበት ቦታ ከመርካቶም ዝቅ ይላል።

ውሻ ያለው ዊልድፌልድአልም በተባለው የተራራ ግጦሽ በኩል በሚወጣው ሰፊ የጠጠር መንገድ ይውጣ፤ በዚያው ይመለስ። ከ2 እስከ 2 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በታውበንሽታይን ተራራ በኩል የሚዞረው መንገድ እይታው ያምራል፤ ግን ጠባብና ድንጋያማ ነው፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ያንሸራትታል። ያረጀ ወይም እግረ አጭር ውሻ አንዳንድ ቦታ ላይ መሸከም ሊያስፈልግ ይችላል። ጠጠሩም ቢሆን ለለመደው እንጂ አስፋልት ላይ ብቻ ለኖረ ውሻ ይከብዳል፤ መዳፉን ይልጠዋል። ቤቱ ስትደርሱ በጣቶቹ መሃል ያለውን እዩ። እዚያ ቁስል ካለ 1884 ሜትር የሚደርሰውን የሮትቫንድ ተራራ ጫፍ ተዉት፤ ጫፉ ከቤቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ይርቃል።

ለ20 ኪሎ ውሻ ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ያዙ። ጫካው ካለቀ በኋላ ጥላ የለም። ከብት የረገጠው ኩሬ ላይ የቆመ ውሃ አታስጠጡት።

ዋናው ጉዳይ ላሞቹ ናቸው። በአውሮፓ በጋ መንገዱ የሚያልፈው በግጦሽ መሃል ነው፤ ጥጃ ያላት ላም ደግሞ ውሻን የምታየው እንደ ተኩላ ነው። ማሰሪያውን አሳጥራችሁ ያዙ፣ በላምና በጥጃ መካከል አትግቡ፣ ራቅ ብላችሁ ዙሩ። አንገቷን ቀና አድርጋ ማፍጠጥ ወይም መሬት መጫር ከጀመረች ቀስ ብላችሁ ከአካባቢው ውጡ። ከመጣች ግን ማሰሪያውን ልቀቁት፤ የምትፈልገው ውሻውን ነው፣ እሱ ደግሞ ከእናንተ ይልቅ ፈጥኖ ይሮጣል። አንስቶ ማቀፍ ጥቃቱን ወደ ራስ መሳብ ነው። ስለዚህ ወገብ ላይ የሚታሰረው የእግረኛ ማሰሪያ፣ ሌላ ቦታ ቢመችም፣ ግጦሽ ውስጥ ይፈታ። እ.ኤ.አ. በ2014 ኦስትሪያ ፒኒስ ሸለቆ ውስጥ ላሞች የገደሏት ጀርመናዊት ውሻዋን ያሰረችው ወገቧ ላይ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 ኃላፊነቱን በገበሬውና በእሷ መካከል እኩል አካፍሏል።

የከፈታችሁትን የግጦሽ በር መልሳችሁ ዝጉ። የውሻውን ኩስ በከረጢት አንሱና እስከ ታች ተሸክማችሁ ውረዱ። ይህ ለንጽሕና ብቻ አይደለም፤ ሣሩ የላም ምግብ ነው፣ በውሻ ኩስ የሚተላለፈው ኒዮስፖራ የተባለ ጥገኛ ተውሳክ ላሞችን ያስጨነግፋል።

በቤቱ ራሱ ውሻ ከጠረጴዛ ስር ተኝቶ ማየት ለእኛ እንግዳ ቢሆንም እዚያ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ማሰሪያውን አትፍቱ፣ መተላለፊያ ላይ አታስተኙት። ማደር ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ደውሉ፤ በእንዲህ ያሉ ቤቶች ውሻ መኝታ ክፍል የሚገባው ቤቱን የሚያስተዳድረው ሰው ከፈቀደ ብቻ ነው። ቅዳሜና እሁድ ቀትር ላይ ወንበር ፍለጋ መከራ ነው። ከአቀበቱ ይልቅ ሰልፉ ያደክማል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጥሬ ገንዘብ ያዙ።

የእነዚህ ቤቶች ተወዳጅ ምግብ ካይዘርሽማርን (የተቆራረጠ ጣፋጭ ፓንኬክ) ብዙ ጊዜ ዘቢብ አለበት፤ ዘቢብ ደግሞ የውሻን ኩላሊት ሊያጠፋ ይችላል። ትራፊውን አትስጡት። (ለፍልሰታ ጾመኛም አይሆንም፤ ወተትና እንቁላል ነው።)

በባቡርና በአውቶቡስ የምትመጡ ከሆነ፣ ትልቅ ውሻ የአፍ ማሰሪያ ሊጠየቅ ስለሚችል አንድ ያዙ። የመመለሻውን የመጨረሻ አውቶቡስ ሰዓት መውጣት ከመጀመራችሁ በፊት ፎቶ አንሱት። ቤት ስትገቡ ከጆሮው ጀርባና ከብብቱ ስር መዥገር ፈልጉ፤ የራሳችሁንም እግር እዩ።