ለልጄ የንግግር ባለሙያ ምስጋና፣ ለባህር ዳር ወላጆች ጥቆማ

ባህር ዳርና አካባቢዋ የምትኖሩ፣ ልጃችሁ የሚንተባተብባችሁ ወላጆች፣ ይቺን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የአምስት ዓመት ልጄን የምትረዳልኝን የንግግር ህክምና ባለሙያ በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ቅር ይለኛል። ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ ትቼዋለሁ።

ልጄን ቃል መጀመሪያው ላይ ይይዘዋል። "ታ-ታ-ታ" እያለ ይደጋግማል፤ አንዳንዴ ድምፁ ጭራሽ አልወጣ ይለውና ዓይኑን ጨፍኖ በእግሩ መሬቱን ይመታል። ይህን ያየ ሁሉ መድኃኒት አዋቂ ነው። አንዱ ደንግጦ ነው ይላል፣ ሌላው የሰው ዓይን ነው ይላል፤ ከምላሱ ስር ያለችው ጅማት ትቆረጥ ያሉም ነበሩ። አማቴም ይህንኑ ይዘው ነው አብረውን የሄዱት።

ባለሙያዋ አላቋረጠቻቸውም። ሰምታ ስትጨርስ ልጁን ምላሱን እንዲያወጣ፣ ወደ ላይ እንዲያጥፍ አደረገችና "እማማ፣ ይኸው ይመልከቱት፣ ምላሱ ደህና ነው። ጠበሉን አይተዉ፤ ምላሱን ግን ማንም ስለት እንዳያስነካው አደራ" አለቻቸው። ቀጥላ ከዘመድ የሚንተባተብ እንዳለ ጠየቀች። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም አለ። መንተባተብ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፣ በዘር ይሄዳል፣ ወንዶች ላይ ይበዛል። የሚመጣው አንጎል ንግግርን የሚያቀናጅበት መንገድ ትንሽ ስለሚለይ ነው፤ ልጅ ስለፈራ ወይም ወላጅ ስላጠፋ አይደለም። ፍርሃትና ጥድፊያ ግን ያለውን ያብሱታል። ልጄ ሰንበት ትምህርት ቤት ሲዘምር አንድም ቃል የማይዘው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ፦ ዜማውና ከሌሎቹ ጋር አብሮ ማለቱ ያግዘዋል። አማቴ ይህን ሲሰሙ "እውነትም ምላሱ ቢሆን መዝሙሩስ መች ይወጣ ነበር" አሉ፤ የጅማቱ ነገር በዚያው ቀረ።

ክኒን አላዘዘችም፤ ለዚህ ተብሎ የጸደቀ ክኒንም የለም። ከአውስትራሊያ የመጣ ሊድኮምብ የሚባል፣ ለትንንሽ ልጆች የሚሆን ዘዴ አሳየችን። ዋናው ሥራ የሚሠራው ቤት ውስጥ ነው። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ መጫወት፣ ሳይዘው የተናገረውን እየያዙ "ጎበዝ፣ ጥሩ አድርገህ አልካት" ማለት። "ቀስ በል"፣ "ትንፋሽ ውሰድ" የሚባል ነገር የለም፤ እሷ ራሷ ረጋ ብላ ስታወራ እሱም ይረጋል። በየሳምንቱ እየተገናኘን የያዝኩትን መዝገብ ታያለች፣ ታርመኛለች።

አንድ ቀን ልምምዱን ጣና ዳር አደረገችው። ቆሎ ሻጯ ፊት አቆመችውና ብሩን በእጁ ሰጠችው። ልጄ "የሃያ ብር ቆ…" ብሎ ቀረ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። እኔ ልጨርስለት አፌን ስከፍት ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። ሻጯም፣ እግዜር ይስጣትና፣ መስፈሪያዋን እንደያዘች ዝም ብላ ጠበቀችው። ቆይቶ "ቆሎ" አለ፤ ወዲያው ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው "ለውዝም ጨምሪበት" አላት!

የአፀደ ህጻናት መምህርቱንም ሄዳ አነጋግራለታለች፤ ቃሉን ማንም እንዳይነጥቀው፣ የክፍል ልጆችም እንዲያስጨርሱት። ይህን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ነው ያደረገችው። የጎረቤቴን ልጅም ሦስት ዓመት ሳይሞላት ወሰድንላት። መንተባተብ ከጀመራት ብዙም ስላልቆየች፣ በቤተሰብም ስለሌለ፣ አብዛኞቹ ትንንሽ ልጆች በራሳቸው እንደሚተዉት ነግራ፣ ወራት ካለፉና ከባሰባት ወይም ማውራት ከሸሸች ይዛት እንድትመጣ አስጠንቅቃ መለሰቻት። ብር ብቻ የምትፈልግ ብትሆን ቀጠሮ ትሰጣት ነበር።

ልጄ ጨርሶ አልተወውም። ሲደሰትና ሲቸኩል ዛሬም ይይዘዋል። ዓይኑን መጨፈንና መሬት መምታት ግን ትቷል፤ ስልክም እሮጦ ያነሳል። እህቴ፣ እድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ።

አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ወረፋ አላትና ቀደም ብላችሁ ደውሉ። ስትሄዱ ልጁ ቤት ውስጥ ሲያወራ በስልካችሁ ቀድታችሁ ያዙ፤ አንዳንድ ልጅ እሷ ፊት ሲቀርብ አንዴም ላይንተባተብ ይችላል።